ከንግግሩ የተቆረጠው ዋስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መምህር ደርቤን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሯል፤ ጠመኔ ያልነካው ኮት የለውም። አንድ አመል አለው፤ ንግግር ከሰማ ሳያበጥር አያድርም። ይኸው አመሉ ነው በአርባ አምስት ዓመቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ያስመዘገበው።

የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ አንድ ንግግር ነበር። ዘመነ የሚባል ሰው ከዓመታት በፊት ለምክር ቤት ሲወዳደር አምበር ገበያ ላይ ተናግሮ፣ እምቢ ሲል የኖረውን ገበሬ የጋራ ግጦሹን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ እሺ አሰኝቶታል። ደርቤ ንግግሩን ከስልክ ቅጂ ገለበጠና የአሪስቶትልን ሚዛን ያዘ። ሰሚ የሚረታው በተናጋሪው ማንነት፣ በስሜት ወይም በማስረጃ ነው ይላል ግሪኩ። ደርቤ ማስረጃውን፣ ዘመነ የጠራቸውን ቁጥሮች፣ አስበለጠ። አማካሪው ሕሊና ጽሑፉን ሁለት ጊዜ መለሰችበት።

"ጋሽ ደርቤ፣ ቁጥር ሰምቶ ግጦሹን የሰጠ ገበሬ ያሳዩኝ። ሦስተኛው የመጨረሻዎ ነው" አለችው።

ወድቆ ተማሪዎቹ ፊት መቆም አስፈራው። እውነቱን ለመናገር ክፉኛ አስፈራው።

ቅዳሜ በጠዋት አምበር ሄደ። ግጦሹ ይሰጥ ብለው ቀድመው የተናገሩት እማማ ጥሩብርሃን መሆናቸውን ሰምቷልና፣ ደጃቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኛቸውና ስለ ጽሑፉና ስለሚጠብቀው ፈተና ነገራቸው።

"ከንግግሩ የትኛው ቃል አሳመነዎት?"

"ቃሉንማ ረስቼዋለሁ።"

ደርቤ ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

"ዋስ መጥራቱን ግን አልረሳም" ሲሉ ቀጠሉ። "በእኛ አገር ለሙግት የቆመ ሰው ዋስ ሳይጠራ አፉን አይከፍትም። ምረጡኝ ባይ ግን መቼ ጠርቶ ያውቃል? እሱ ኮፍያውን አውልቆ 'ብዋሽ የሚጠየቅልኝ ዋስ ስጡኝ' አለ። የሚነሣ ጠፋ። እናቱን አውቃታለሁ፣ ቃሏን በልታ አታውቅም። እኔ አለሁ ብዬ ተነሣሁ። ትምህርት ቤቱ ባይሠራ ማሳዬን ውሰዱ አልኩ። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጄ እዚያ አሥረኛ ክፍል ናት።"

ደርቤ አንገቱን ደፋ። ይህ ሁሉ ቅጂው ላይ ነበር። "የተከበራችሁ ወገኖቼ" ከሚለው በፊት ያለውን፣ ግርግር ነው ብሎ የቆረጠው ራሱ ነው። የሙግት አገር ልጅ ሆኖ፣ ግሪኩም ማንነት ሳይበልጥ አይቀርም ብሎ ጽፎለት፣ አንብቦ አልፎታል።

"ለፈተናህስ ዋስህ ማነው?" አሉት።

"ፈተና ዋስ አይጠይቅም፣ እማማ።"

"ጉድ ነው። እንዲያው በባዶ ያምኑሃል?" ብለው የፈተናውን ቀን ጠየቁት።

በሰኔ፣ የቆረጠውን መልሶ ያስገባበትን ጽሑፍ ፈታኞች ፊት አቀረበ። ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ "ዋስ ተጠራ ያሉት ቅጂው ላይ በደንብ አይሰማም። ማን ይመሰክራል?" አለው።

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። በጠዋቱ ሚኒባስ የመጡት እማማ ጥሩብርሃን ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ያን ጊዜም ዋሱ እኔ ነበርኩ" አሉ። "ለዚህም እኔ ነኝ።"

ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ ከመቀመጫው ብድግ አለላቸው። ፈታኞቹ ማለፉን ለደርቤ የነገሩት ከዚያ በኋላ፣ እማማ ከተቀመጡ ወዲያ ነው።