ለሦስት ዓይነት ስልክ የተላከ ቀብር

ሰው ጠልቶኝ አይደለም ብቻዬን የምኖረው፤ ሰው አላውቅበትም። ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ነበር፤ ጨርሼ እዚያው ቀረሁ። ሥራዬ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው። አሠሪዎቼን በአካል አይቻቸው አላውቅም። ከኮምፒውተር ጋር ስነታረክ ውዬ፣ የገዛ ድምፄን የምሰማው አከራዬ በሩን አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ አለህ?» ሲሉኝ ብቻ የሆነባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አከራዬ ልጅ አልነበራቸውም፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያማትቡ አንዲት ልመና አትቀርም፤ «ቀባሪ አታሳጣኝ።» እኔ ውስጥ ሆኜ እስቅ ነበር። ሰው ከዚህ የተሻለ የሚለምነው ያጣል? እላለሁ። አሁን አልስቅም።

የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ አከራዬ ለእድሩ ዳኛ «እኔ ቤት ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ አለ» ብለው አወሩልኝ። የቀብር ጥሪ በስልክ የሚያደርስ ነገር ሥራልን ተባልኩ፤ በዚያውም አባል አደረጉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ በከተማው ውስጥ ስሜ የተጻፈበት የመጀመሪያው መዝገብ ነበር።

ሥራው ግን አበሳ ሆነብኝ። ስልክ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል? አንድሮይድ ላይ አምሮ የተቀመጠው ጽሑፍ አይፎን ላይ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። አይፎን ደግሞ እኔ የለኝም፤ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ስልክ ጠጋኝ ለግማሽ ሰዓት እንዲያውሰኝ እየለመንኩ ነበር የምሞክረው። አይፎኑን ሳስተካክል አንድሮይዱ ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው የሽማግሌዎቹ ነበር። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት፤ መተግበሪያ ስለማይጭን አጭር መልእክት መላክ አለበት። አንዳንዱ ፊደላችንን ስለማያውቅ ባዶ ሳጥን ደርድሮ ያሳያል። ጨነቀኝና አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት።

ለሙከራ መልእክቱን ስልክላቸው አከራዬ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ይሄን ማን ያነብልኛል?»

«ሰዓቷን ይዩ እማማ፤ ቁጥሯን ብቻ። ቀብር ሲባል ሰዓቷን ማወቅ አይበቃም?»

«ጥሩምባው ግን እዚህ ድረስ ይገባ ነበር» አሉና ደረታቸውን ነካ አደረጉ።

«ዘመኑ ነዋ!» አልኳቸው። ሥራ ይዤ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋቸው።

እዩኝ እዩኝ ብሎኝ ደግሞ ለዘመናዊዎቹ ስልኮች «ነፍስ ይማር» የምትል ቁልፍ ጨመርኩ። አንድ ሰው በተጫናት ቁጥር አንድ ትቆጥራለች። የእድሩ ዳኛ በጣም ወደዷት።

ነሐሴ ላይ አከራዬ ታመሙ። ሦስት ቀን ሆስፒታል አስታመምኳቸው፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት አረፉ። መተግበሪያው ከተሠራ ወዲህ በሰፈሩ የመጀመሪያው ለቅሶ የእሳቸው ሆነ። ቀብሩ በማግስቱ ቀን በስምንት ሰዓት እንዲሆን ተቆረጠ፤ ጥሪውን የላክሁትም እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ «ነገ በ8 ሰዓት» ብሎ ወጣ። ወዲያው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩት የአከራዬ ስልክ ጮኸ። ለአባል ሁሉ ነዋ የሚልከው! ለራሳቸው ቀብር ጠራቸው። ላየው አልቻልኩም፤ ደፍቼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልፏል፤ የአከራዬን ስልክ ላጠፋው ብዬ ሳነሳው የቀብሩ መልእክት «2:00» ይላል። ክው አልኩ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ የቀን ስምንት ለእሱ ሁለት ነው። ለአንድሮይዱም ለአይፎኑም ወደ እኛ ሰዓት እንዲመልሰው አድርጌያለሁ፤ የባለ ቁልፎቹን ረሳሁት። ቁጥሯን ብቻ ይዩ ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ሰው አጥተው ተመልሰዋል አልኩ። እማማን እኔ ቀባሪ አሳጣኋቸው።

በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በረርኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ደጀ ሰላሙ ሥር ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሰዓቱ ስምንት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «እባካችሁ ቤት ግቡና ተመለሱ።»

ጥሩምባ ነፊው ምርኩዛቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። «በዚህ እግሬ? እሷ እኮ ጥሩምባዬን ስትሰማ ቀድማ በር ከፍታ የምትወጣ ሴት ነበረች። እዚሁ እንቆያታለን።»

አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ና ልጄ፣ ብርድ ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ። አፈርኩ። ለቅሶ ቤቱ ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። እዚያ ግን የመጡት ጥቂት ለቀስተኞች ሥራውን ሁሉ ይዘውት ነበር፤ ምንም ሥራ አልነበረብኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በስምንት ሰዓት አስከሬኑን ይዘን ስንደርስ ሠላሳዎቹ እዚያው ናቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ብርድ ጠብቀዋቸዋል፤ አንድም የጎደለ የለም። ትክክለኛው ሰዓት በትክክል ከደረሳቸው ባለ ዘመናዊ ስልኮች ግን የመጡት ዘጠኝ ናቸው። «ነፍስ ይማር» የምትለዋ ቁልፍ ግን ስድሳ አራት ቆጥራለች።

በሳልስቱ ያቺን ቁልፍ ነቅዬ ጣልኳት፤ ሰዓቱንም አስተካከልኩ። የመተግበሪያውን የአባላት መዝገብ ሳገላብጥ የራሴ ቅጽ ላይ ደረስኩ። «የቅርብ ሰው» በሚለው ቦታ የሞላሁት የአከራዬን ቁጥር ነው። አጠፋሁትና «አስቀምጥ» ስለው በቀይ «ይህ ቦታ ባዶ መሆን አይችልም» አለኝ። ይሄን ያዘዘው ማን ነው? እኔው ነኛ! እድር ገብቶ የሚጠራለት ሰው የሌለው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጥሩምባ ነፊውን «የቅርብ ሰው ይሁኑኝ» ልላቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ውስጥ የሰው ሳቅ ሰማሁና ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

የአከራዬን ቁጥር መልሼ ጻፍኩት። ስልካቸው አሁን መስኮቴ ላይ ነው፤ በየእሑዱ ቻርጅ አደርገዋለሁ። እኔ የሞትኩ ቀን የሚደወለው እዚያ ነው።