በራሳችን ላይ ድንበር የተሻገረው ቅቤ

ይህ የሆነው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ሶዶ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ሰዎች ውጭ አገር ሄጄ እንደነበር ሲሰሙ «ታድለሽ!» ይሉኛል። እኔ ግን ወገቤን እይዛለሁ። የሄድኩት ኬንያ ነው፤ የሄድኩትም በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ድካሙን ብረሳው ደስ ባለኝ፤ ግን አብሮት የማይረሳ ነገር አለ።

የባለቤቴ የባልቻ ታናሽ ወንድም ማዴቦ ናይሮቢ ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ ነበር። አንድ ቀን የዚያን አገር ልጅ ሊያገባ መሆኑን ጽፎ ላከልን። አማቴ፣ የባልቻ እናት፣ ወሬውን ሲሰሙ እልልም አላሉ፣ አላዘኑም። «ቅቤውን ማን ሊቀባው ነው?» አሉ።

እኛ ዘንድ ልጅ ሲዳር እናቱ ቅቤ ራሱ ላይ አድርጋ ትመርቀዋለች። ለአማቴ ያልተቀባ ልጅ ቄስ ቢያጋባውም ገና አልተዳረም። በእኔ ሠርግ ጊዜማ አብዝተውት እስከ ማጅራቴ ወርዶ ነበር።

አውሮፕላን ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ባልቻ «እስከ ሻሸመኔ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘነው መኪና» ብሎ ወሰነ። እሱ፣ እኔ፣ አማቴ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጃችን አስቴር፣ አራት ሆነን ተነሣን። አማቴ ጉኑኖ ካለችው ላማቸው ያወጡትን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በቅል ውስጥ አድርገው፣ ጭናቸው ላይ ይዘውታል። እኔ ልያዝልዎ ብላቸው አልሰጡኝም።

ገና ቦዲቲ ሳንደርስ አስቴር አስመለሳት። ከሻሸመኔ በኋላ እህል የጫነ መኪና አገኘንና ጆንያው ላይ ወጣን። ያቤሎን ስናልፍ ፀሐዩ ሌላ ሆነ። ጎማ ፈነዳ፣ ተሠራ፣ እንደገና ፈነዳ። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው ቅሉን አለበሱት። እኔና ልጄ እየተቃጠልን ቅሉ ጥላ ውስጥ ይሄዳል!

«ፎቶግራፍ ቢልክልን ምን ነበረበት?» አልኩት ባልቻን። የተኛ መሰለ። እንዳልተኛ አውቃለሁ፤ እዚያ ጆንያ ላይ የሚተኛ ሰው የለም።

እንደምንም ሞያሌ ደረስን። በወዲያኛው በኩል ያለው ተቆጣጣሪ ቅሉን ከፍቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። የከብት በሽታ ስላለ ወተትም ቅቤም አያልፍም፣ ድፉት አለን በአስተርጓሚ። ባልቻ የሠርግ ነው ብሎ ለመነው፣ ተለማመጠው። ወይ ፍንክች። ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ይነፋብናል።

«ምን አለ?» አሉ አማቴ።

ባልቻ በወላይትኛ ነገራቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ጠጋ አልኩ። እሳቸው ግን መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ቅጠሉን ፈቱና አስቴርን ጠሯት። ቅቤውን በእጃቸው ዛቅ አድርገው ጭንቅላቷ ላይ ለጠፉት።

«ባልቻ፣ ዝቅ በል!»

ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዝቅ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«እማ፣ እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«እሱ ቅሉን ነው የከለከለው፤ የሰው ራስ አልከለከለም» አሉኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያልኩ ጎንበስ አልኩ። የተረፈውን፣ ትልቁን ክፍል፣ የራሳቸው መሀል አናት ላይ አድርገው ቅጠሉን ደፉበትና ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። ተቆጣጣሪው አፉን በእጁ ይዞ እየሳቀ አሳለፈን።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አቧራ ነው። ቀዩ አፈር ቅቤያችን ላይ እየተለጠፈ ሦስታችንም የጭቃ ቆብ ያደረግን መሰልን። ሽታውንስ ተዉት። አማቴ ሻሻቸውን ለአፍታ አልፈቱም። ሌሊት ጋደም በሉ ስንላቸው እንቢ ብለው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ቁጭ እንዳሉ አደሩ።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ዝም በዪ» አሉኝ። እኔም ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ተውኳቸው።

ናይሮቢ የገባነው በሠርጉ ዕለት ነው። ልብስ ለመቀየር ጊዜ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ጋብቻው አልቆ ሙሽሮቹ ለፎቶግራፍ ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው በሙሉ ልብስ፣ በጓንት። እኛ በጭቃ ቆብ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማዴቦ አየንና ሮጦ እናቱን አቀፈ። እሳቸው ቀስ ብለው ሻሻቸውን ፈቱ፤ ጠውልጎ የጠቆረውን ቅጠል ከአናታቸው ላይ አነሱ። ቅቤው አብዛኛው ቀልጦ አንገታቸው ላይ ወርዷል። በሹሩባቸው መካከል አውራ ጣት የምታህል ቀርታለች። ለካ ያን ሁሉ ሌሊት አንገታቸውን ያላዘነበሉት ለእሷ ነው!

በጣታቸው አወጧትና «ታ ናዓው፣ ልጄ፣ ዝቅ በል» አሉት።

ማዴቦ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ አየ። «እማ፣ እዚህ አይሆንም። ማታ ቤት…»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በሰው ተናድጄ አላውቅም።

ሙሽራይቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ መሬት መሬት እያየ በቋንቋዋ መለሰላት። እሷም ከራሷ ላይ ነጩን ዓይነ ርግብ አውልቃ ለሚዜዋ ሰጠችና አማቴ ፊት መጥታ አንገቷን ደፋች።

አማቴ ያችኑ ትንሽ ቅቤ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሿን አናቷ ላይ አድርገው መረቋት። ማዴቦም ያን ጊዜ ከነሙሉ ልብሱ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ።

የመልሱን መንገድ አልነግራችሁም፤ ዝናብም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ድንበር አልተሻገርኩም፣ ዛሬም ሂጂ ቢሉኝ አልሄድም። አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። ፎቶግራፉ ግን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አለ፤ ሙሽሮቹ ግንባራቸው ያብረቀርቃል፣ ከኋላ እኛ ጭቃ ተሸክመን ቆመናል። የልጅ ልጆቼ ባዩት ቁጥር ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አማቴ ግን ይናፍቁኛል።

አስቴር አድጋ የቢሮ ሰው ሆነች። በሠርጓ ቀን ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ ሳያት፣ ቅቤውን ይዤ መቅረብ ፈራሁ። እሷ ግን ገና ሳልጠጋት ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ።