ወጥ ቤት የገባችው ባዝራ

እኛ የሰሜን ዌልስ ገበሬዎች የእንስሳት ደህንነት ተቆጣጣሪዋን ኤሊኔድን «የከብት ፖሊስ» እንላታለን፤ ፊት ለፊቷም ጭምር። እሷ ምን ገዷት! በሥራዋ ኮርታ፣ ደረቷን ነፍታ ነው የምትሄደው። እንስሳ ተጎድቷል ከተባለ ሕጉ የማንንም በረት ያስከፍትላታል። መኖሪያ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ካላስገባት ወይም ከዳኛ ፈቃድ ካላመጣች ደፉን አታልፍም።

ባለፈው መጋቢት የሽማግሌው የኢድዋል ባዝራ በቅጡ መቆም አቅቷታል የሚል ጥቆማ ደረሳት። ባዝራዪቱ የሟች ሚስቱ የሞርቪዝ ነበረች። ኤሊኔድ ስትደርስ ጋጣው ባዶ ነው፤ የኮቴው ዱካ በጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ይሄዳል። ወይ ጉድ! ሰውዬው መኪናዋን ሲያይ ፈረስ ጎትቶ ቤት አስገብቷል።

«ጋሽ ኢድዋል፣ ፈረስ ከመቼ ወዲህ ነው ወጥ ቤት የሚገባው?»

«እንግዳዬ ናት! ምን አገባሽ? ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ አንድ እግርሽ ቢገባ እከስሻለሁ!»

«ልክ ነዎት፤ አልገባም።»

የእንስሳት ሐኪም በስልክ ጠርታ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። የዳኛው ፈቃድ ቢፈጥን ለነገ ነው። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተከፈተና አንድ ኩባያ ሻይ ወጣ፤ ጠላት እንኳ ቢሆን ደጅ የቆመን ሰው ሻይ መንፈግ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

«ስኳር?» አለ ኢድዋል እንደተኮሳተረ።

«ሁለት።»

ሻዩን ሳትጨርስ ከውስጥ ከባድ ነገር ወደቀ፤ ባዝራዪቱ አቃሰተች። በሩ አልተቆለፈም። ኤሊኔድ እጀታውን ያዘች፣ ከዚያም እጇን መለሰች።

«ትገድሏታላችሁ» አለ ኢድዋል ከበሩ ጀርባ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አልዋሽዎትም፣ ጋሼ። ሐኪሙ አትድንም ካለ እንዲያ ነው። ነገ የዳኛ ፈቃድ ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ስትሰቃይ ታድራለች። ዛሬ ሊያሳርፏት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሐኪም ሳይጠሩ በመቆየትዎም ይጠየቃሉ።»

ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«ግቢ። ጫማሽን ጥረጊ» አላት፤ ባዝራዋ ጭቃዋን እንደያዘች ምድጃው አጠገብ ተዘርግታ ሳለ!

ሐኪሙ መጥቶ ኮቴዎቿን አየና አትድንም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ኢድዋል አንገቷን አቀፈ፣ ኤሊኔድ ጎኗን ዳበሰች፣ ባዝራዋም የማሳረፊያውን መርፌ ተወጋች። ሁለቱም አለቀሱ።

በሳምንቱ ከብት ገበያ ላይ አንድ ቀልደኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «ኢድዋል! የከብት ፖሊሷ በርህን ገንጥላ ገባች አሉ?»

ሳቁ ገበያውን ሞላው። ኤሊኔድ የበጎቹ አጥር አጠገብ ነበረች፤ ፊቷ ቀላ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ነው የሚገነጥለው? የቤቴ በር አልተቆለፈም ነበር፤ እሷ ግን ግቢ እስክላት ዝናብ ሲወርድባት ቆመች። ሞርቪዝ ብትኖር ኖሮ» አለ፣ «ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ነበር የምታስገባት።»