አራቱ አራሚዎች

በመስከረም አጋማሽ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገዳ ከተማ ውስጥ ተያዝኩ። በሠራሁት ዘገባ ምክንያት ነው ተባልኩ፤ የትኛው እንደሆነ አልተነገረኝም። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀብለው ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አንድ የጭቃ ክፍል አስገቡኝ። መሬቱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል፤ ክፍሉ የላብና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ነበረው። ውስጥ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ገጭቶ የታሰረ የአይሱዙ ሾፌርና አንድ ሽማግሌ ገበሬ።

ሽማግሌው የተያዙት በበቆሎ ማሳቸው መካከል ሐሺሽ በቅሎ ስለተገኘ ነው። ዘሩን ከከተማ አምጥቶ የተከለው ልጃቸው ነበር። ልጁ ማጨስ ከጀመረ ወዲህ ትምህርቱን ጥሏል፤ ከግድግዳ ጋር ያወራል። ጠበልም ወስደውት ነበር። ቃሉን መስጠት ስላልቻለ ተጠያቂው የማሳው ባለቤት ሆኑ። በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

ሾፌሩ መላ ነበረው።

"አባቴ፣ ዳኛው ሲጠይቅዎት አረም መስሎኝ ነው ይበሉ።"

"አረም ቢመስለኝ አልነቅለውም ነበር?"

ሾፌሩ ሳቀ። "እንግዲያው የከብት መድኃኒት መስሎኝ ይበሉ። ልጅዎን ማን ይጠብቀዋል?"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"በሐምሌ አራት ጎረቤቶቼ በወንፈል በቆሎዬን አረሙልኝ። እዚያ ተክል ጋ ሲደርሱ 'ተዉት፣ ልጄ የሚያጨሰው ነው፤ ብነቅልበት እናቱን ይመታል' አልኳቸው። ለፖሊስም ይህንኑ ተናገሩ።"

"ተቀየሟቸው?"

"ምን በወጣቸው። እኔ በተራዬ ሳላርምላቸው ተያዝኩ። ጉልበታቸውን በልቼ፣ ነገ ደግሞ ውሸታም ላድርጋቸው?"

ቃላቸውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ተረኛው ፖሊስ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠን።

"አውቅ ነበር በል" አሉ ሽማግሌው። " ፈርቼ ተውኩት። ጎረቤቶቼ የተናገሩት እውነት ነው።"

"ጻፍኩት።"

"የሌላ ሰው ልጆችም ከዚያ ተክል ቀጥፈዋል። አይቼ ዝም ብያለሁ። እሱንም ጻፍ።"

"ራስዎን አሰሩ እኮ" አለ ሾፌሩ። አሁን አይስቅም።

ፖሊሱ በጣታቸው እንዲያትሙ የማኅተም ቀለሙን አቀረበላቸው። "በጣትማ የሚፈርም የማያውቅ ሰው ነው" አሉና፣ ልጅ ሆነው ቤተ ክርስቲያን በቆጠሩት ፊደል ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ።

በአምስተኛው ቀን ያለ ክስ ተለቀቅኩ። እሳቸው ተፈረደባቸው። በሥራዬ የብዙ ሰው ቃል ተቀብያለሁ፤ ሳልጠይቀው በራሱ ላይ የጨመረ ግን ከእሳቸው ሌላ አላስታውስም።

በኅዳር ቤታቸው ሄድኩ። በቆሎው ተሰብስቧል። የሰበሰቡት አራቱ ምስክሮች እንደሆኑ የሽማግሌው ባለቤት ነገሩኝ። ልጁ የአገዳው ክምር ሥር ተቀምጦ ብቻውን ያወራ ነበር።