«ልብሽ ምን አለሽ?»

በዲላ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ክፍል ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ነበር። ኃላፊዬ ጋሽ ታምሩ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ፣ «እዚህ መርፌ የለም፤ መሣሪያሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ። የድንገተኛ ክፍል ነርሶች «ወሬ ክፍል ገባች» ብለው ሳቁብኝ።

ጭንቀትና ድብርት ተደርበው የያዙትን ሰው በንግግር ለማከም ሠልጥኛለሁ። ታካሚው በጭንቁ ሰዓት ያሰበውን ይናገራል፤ ሐሳቡ እውነት መሆን አለመሆኑን አብረን እንመረምራለን፤ ከዚያ የሸሸውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየተለማመደ ይጠጋዋል።

ታደለች የመጣችው አሪቻ ከሚባል ቡና አብቃይ ቀበሌ ነው። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ቡና በሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸውን ፍሬ የምትለቅም ሴት ናት። ሰው በተሰበሰበበት ልቧ በኃይል ይመታል፤ ጥላ ትወጣለች። ሥራ ትታ ቤት ከዋለች ወዲህ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አዲስ የተለቀመው እሸት ቡና ወደ ጣቢያው ሊገባ ተቃርቧል፤ ያን ጊዜ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ልብሽ ሲመታ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ አላስብም ሲስተር። እናቴም ፓስተሩም አታስቢ ብለውኛል፤ ትቻለሁ።»

በሚቀጥለውም ቀጠሮ ያንኑ መለሰች። ጋሽ ታምሩ አትድከሚ፣ ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት ይበቃታል አሉ። አንድ ቀጠሮ ይጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር በስልክ እናቱን «አታስቢ እማዬ፣ እየመጣሁ ነው» ሲል ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። በእኛ ቋንቋ ማሰብ መጨነቅም ነው። እኔ ምን ታስቢያለሽ ስላት፣ እሷ የሰማችው የተከለከልሽውን አሁንም ታደርጊያለሽ ወይ የሚል ነው።

በቀጠሮዋ ቀን «ልብሽ ምን አለሽ?» አልኳት።

ቀና አለች። «ትወድቂያለሽ፣ ይስቁብሻል፣ ከእንግዲህ ለምንም አትሆኚም ይለኛል።»

«ያየሽው ነው ወይስ ልብሽ ያለው?»

የወደቀችበትን ቀን በጣቷ ልትቆጥር ሞከረች፤ ጠበቅኳት። «ልቤ ነው ያለው። ሲዋሽ ደግሞ አያፍርም።» ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ሥራው መንገድ ያዘ። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መጀመሪያ እስከ ጣቢያው በር ሄዳ ተመለሰች። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። በመጨረሻ ከለቃሚዎቹ ሴቶች ጋር ማድረቂያ አልጋው ዳር ቆመች፤ ልቧ እየመታም መልቀሟን አላቆመች። እሸት ቡናው ሲገባ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጋሽ ታምሩ ለአዳዲስ ነርሶች «የሲስተርን ጥያቄ ጠይቁ» ይሏቸው ጀመር። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ አረፈ። ቤቴ በለቀስተኛ ሞላ፤ የገባው ሁሉ «አታስቢ» ይለኛል። ታደለች ከአሪቻ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ቀለል እስኪል ጠበቀች።

«ሲስተር፣ ልብዎ ምን አለዎት?»

«ነርስ ሆነሽ ሕመሙን ሳታውቂለት ቀረሽ ይለኛል።»

«ያዩት ነው ወይስ ልብዎ ያለው?»

ረጅም ጊዜ አለቀስኩ። ሳታቋርጠኝ ጠበቀች። ከዚያ ሕመሙን ሐኪሞቹም ቀድመው እንዳላወቁት፣ ያለውም ልቤ እንደሆነ ነገርኳት።

ለወጣት ነርሶች የምለው ይህን ነው። ታካሚውን በሚያውቀው ቃል ጠይቁት፤ ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።