በአንድ ጎን የተለበጠች መርከብ

አካለ ወልድ ቢቸና ውስጥ አናጢ ነበር። አናጢ ይባል እንጂ እንጀራው መጥረቢያ ነው፤ ሞፈር ይጠርባል፣ ቀንበር ያቃናል፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ግንድ ይፈልጣል። በወጣትነቱ ምጽዋ ወርዶ በባሕር ኃይል ሰፈር የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ጥቂት ዓመታት አገልግሏል። ያን ጊዜ በእጁ የሚይዘው መላጊያና መሮ ነበር። እናቱ ስትታመም ተመለሰ፤ እናቱ ሞተች፤ እሱም በዚያው ቀረ።

ቀኝ ትከሻው ከተበላሸ ቆይቷል። መጥረቢያ ባነሣ ቁጥር አጥንቱ ይንጣጣል፤ ማታ ጋቢውን የምትደርብለት ታላቅ እኅቱ ይርጋነሽ ናት። ይርጋነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ጋር ትኖራለች፤ ከከተማው ዳር ያለችውን መሬት ለእኩል ሰጥታ ጤፍ ታሳርሳለች።

በ1958 ዓ.ም. መስከረም ሲጋመስ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ሣህለ ማርያም ወደ በረንዳው መጡ።

«ሞጣ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህር ሊቀጥር ነው» አሉት። «ኅዳር ሲገባ እዚያው ኤግዚቢሽን ይደረጋል። ኢንስፔክተሩ ሥራ አይቶ ይመርጣል። አንተ ባሕር ያየህ ሰው ነህ፤ መርከብ ሥራ።»

«ምን ያህል መርከብ?»

«ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነዋ! ዓባይን ልታሻግረን ኖሯል?»

አካለ ወልድ ሳቀ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ብዙ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ስለ መርከብ አላሰበም። መምህር መጥረቢያ አያነሣም፤ ያሰበው ይህን ብቻ ነበር።

አከርካሪዋን ከወይራ፣ የጎን አጥንቶቿን ከዋንዛ ሠራ። ከዚያ ልባጩ፣ አጥንቶቹን የሚያለብሰው ስስ እንጨት፣ መጣ። ዋንዛውን በጣት ስፋት ሰንጥቆ በመላጊያ አሳሳው፤ በይርጋነሽ ትልቁ ድስት ውስጥ በፈላ ውኃ እየነከረ፣ ሲለሰልስ በአጥንቶቹ ላይ እያጎበጠ፣ በኮላና በቀጫጭን ምስማር ያሲዘው ጀመር።

«ሰው ጎመን ይቀቅላል፤ የእኔ ወንድም እንጨት ይቀቅላል» አለች ይርጋነሽ።

«በርበሬ ጣል አድርጊበት።»

የልባጭ ሕግ አንድ ነው። ምጽዋ ላይ ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌ እየደጋገሙ ነግረውታል፦ አንድ በቀኝ ከመታህ አንድ በግራ። የረጠበ እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ይጎትታል። ሌላው ጎን እኩል ካልጎተተው አከርካሪውን ያጣምመዋል። አካለ ወልድ ይህን ሕግ ብዙ ቀን ጠበቀ። መርከቧ ተገልብጣ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳ፣ ተይዛለች፤ አንዱን ጎን ከመታ በኋላ ሞርሳውን ፈትቶ፣ አዙሮ፣ እንደገና ማጥበቅ አለበት። መርከቧ ቀላል ናት። ከባዱ የሞርሳው እጀታ ነበር፤ ባጠበቀው ቁጥር ሕመሙ ከትከሻው እስከ ክርኑ ይወርዳል።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ዓርብ ዋለ። የዚያን ቀን ጠዋት እጀታውን ጨበጠና ተወው። የቀረውን የቀኝ ጎን በአንድ ተራ ልጨርስ፣ ግራውን ከቀትር በኋላ አደርሰዋለሁ አለ። ቀኙ አማረ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መሥመሩ አልተሰበረም። ከቀትር በኋላ ግን ጣቶቹ መዶሻውን አልጨብጥ አሉ። ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ልረፍ እንዳለ ጀንበሯ ጠለቀች።

ቅዳሜ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ያውም የዓመቱ። እሑድ አማኑኤል፣ ሰኞ በዓለ ወልድ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ይጠብቃል። በቢቸና አካባቢ በእነዚህ ቀናት የሠራ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም እህል በበረዶ ያስመታል ይባላል፤ የሚሉትም ያምኑበታል።

ቅዳሜ እንዳትደርቅ እርጥብ ጨርቅ አለበሳት። እሑድ ጨርቁ በጥቅምት ነፋስ ደረቀ። ሰኞ ጠዋት ዝቅ ብሎ በአንድ ዓይኑ አከርካሪዋን ተመለከተ፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ዞር ማለት ጀምራለች። ገና ጥቂት ነው። አሁኑኑ ግራውን ቢለብጣት ትመለሳለች። ምስማር ድምፅ አለው። በሩን ዘጋና በኮላና በክር ጀመረ።

አንዱን ልባጭ እንዳሰረ ይርጋነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩን ከፈተችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም። ክር ነው።»

«ክር ማሰር ሥራ አይደለም?»

«ድምፅ የለውም።»

«በዓሉ የተሠራው ለጆሮ ነው እንዴ?»

አካለ ወልድ ክሩን አልለቀቀም። «እቴ፣ አሁን ካልያዝኋት ትጣመማለች። ረቡዕ መንገድ ነው፤ ከተጣመመች ሞጣ የለም። ሞጣ ከሌለ እስከ ሞቴ መጥረቢያ ነው።»

ይርጋነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም።

«ጤፉ ቆሟል አካሌ። የእኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የወልደ ሰንበትም ቆሟል፤ የወለተ ሐናም ቆሟል፤ እሷ ደግሞ ሌላ የላትም። ዛሬ ማታ በረዶ ቢጥል ያንተ ክር ነው እላለሁ። አፌ ባይል ሆዴ ይላል።»

«ባይጥልስ?»

«ባይጥልም እስኪነጋ አልተኛም።»

ወደ ሰማይ አየ። ደመና አልነበረም። እኅቱን አየ፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መልሱን ትጠብቃለች። ክሩን ፈታ፤ ልባጩን ወደ ድስቱ መለሰው።

«መፍታቱስ ሥራ ነው?»

«እሱ ይፈቀዳል» አለች ይርጋነሽ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መርከቧ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ሆና አገኛት። ቀኙን ነቀለው፤ ኮላው ጠንክሮ ስለ ነበር አብዛኛው ተሰነጠቀ። አከርካሪዋን በሙቅ ጨርቅ እያሸ አቀናት። ከዚያ እንደ ሕጉ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ፣ ሞርሳውን እየፈታ እያጠበቀ፣ እንደ አዲስ ለበጣት። ጀንበር ስትገባ ልባጩ እስከ ወገቧ ብቻ ደርሶ ነበር፤ ከወገቧ በላይ አጥንቷ ራቁቱን ቀረ። ረቡዕ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሄዱ። ከጉንደ ወይን ወዲያ መንገዱ ሲያንገጫግጭ አቶ ሣህለ ማርያም መርከቧን ጭናቸው ላይ ያዙለት፤ እሱ ክንዱን መዘርጋት አልቻለም።

ሐሙስ ዕለት በሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛዎቹን እየዞረ መርከቧ ዘንድ ደረሰ። ልጅ እግር፣ ትሑት ሰው ነበር።

«ግማሹስ?»

«አልደረሰም።»

«ጊዜ አልተሰጠዎትም?»

«ተሰጥቶኝ ነበር።»

አቶ ሣህለ ማርያም ጣልቃ ገቡ፤ «ተከታታይ በዓል ገባበት፣ ጌታዬ።»

«በዓሉማ ለሁላችንም ገብቷል» አለ ኢንስፔክተሩ። ከሚቀጥለው ጠረጴዛ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሞጣው ሸማኔ ከሊፋ ነው፤ በክንድ ቁመት የሠራት መሸመኛ ከነድሯ፣ ከነመወርወሪያዋ ፊቱ ተደርድራለች።

ኢንስፔክተሩ አካለ ወልድን ደግሞ ጠየቀው። «በዓሉ ነው ያሰናከለዎት?»

አካለ ወልድ የመርከቧን ቀኝ ጎን ዳሰሰ። «አይደለም። ዓርብ ቀኙን ለብቻው ለበጥሁ። ደክሞኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ መሸመኛዋ አለፈ። ከሊፋ መወርወሪያዋን ወዲያና ወዲህ ላካት፤ በሰው ሁሉ ፊት የመዳፍ ያህል ጨርቅ ሸመነ። የመምህርነቱን ቦታ ያገኘው እሱ ነው። የተቃወመ አልነበረም፤ ሥራው ያለቀ ሥራ ነበር።

ውጭ አካለ ወልድ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ሳለ ከሊፋ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አትቀየመኝ፣ አያ አካለ ወልድ። ያስቀጠረኝ መድኃኔ ዓለማችሁ ነው። ለእናንተ ዕረፍት ሰጠ፣ ለእኔ ሥራ።»

«ዕረፍቱንስ ሰጥቶኝ ቢሆን ደግ ነበር» አለ አካለ ወልድ። ሁለቱም ሳቁ፤ የአካለ ወልድ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ከሊፋ ለመንገዱ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ አስያዘው።

ቢቸና ሲደርስ ጤፉ ታጭዷል። በረዶ አልጣለም። ይርጋነሽ ፊቱን አይታ እግሩን ልታጥበው ውኃ አሞቀች። አካለ ወልድ መሬት መሬት እያየ «እንቅልፍሽን ተኝተሽ ሰነበትሽ?» አላት።

«ተኛሁ» አለች። «ሳልዋሽ፣ ተኛሁ።»

በማግሥቱ ወልደ ሰንበት ረጅም እንጨት ተሸክሞ መጣና በረንዳው ላይ ጣለው። የጤፉ አጨዳ ስላለፈለት ደስ ብሎታል።

«አያ፣ ሞፈር ይወጣዋል?»

«ይወጣዋል።»

አካለ ወልድ መጥረቢያውን አነሣ፤ ትከሻው ከጆሮው በላይ አላሳልፍ አለው። ወደ ግራ እጁ አዛወረው። የመጀመሪያው ምት መሬት አገኘ። ሁለተኛው እንጨቱን ጫረው። ወልደ ሰንበት ጥቂት ቆሞ ተመለከተ።

«መቼ ልምጣ?»

«እርሻው መቼ ነው?»

«ሰኔ ነዋ።»

«ሰኔ ና» አለ አካለ ወልድ፤ ሦስተኛውን ሰነዘረ።