ጠንካራውን ምረጪ

ልጄ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ምክር የጠየቀችኝ የካቲት ሲጋመስ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ ሰውን ወደ ዛፍ ጥላ የሚያባርርበት ወቅት። እኔ ደጄ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ እሷ በስልኩ መስታወት ውስጥ በሱፍ ኮፍያና በወፍራም ሹራብ ተጠቅልላ ትታየኛለች። የምትኖረው በሰሜን አውሮፓ፣ በተራራ ሥር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባሏ የዚያው አገር ሰው ሲሆን ሙያው አናጢነት ነው። ሁለቱ ተባብረው ለሴት ልጃቸው፣ ለልጅ ልጄ ማለቴ ነው፣ በገዛ እጃቸው መንሸራተቻ እየሠሩላት ነበር።

«አባዬ፣ የጎኑን ክፈፍ በምን እንሥራው?» አለችኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መንሸራተቻው ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ነው፤ መሐሉ እንጨት፣ ላይና ታቹ ሌላ ሽፋን። የእንጨቱ ጎን ራቁቱን ከቀረ ግን በረዶው እየቀለጠ ይገባበትና ያብጣል፣ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ስለዚህ ዙሪያውን ከጣት በጠበበ ፕላስቲክ ይከፈፋል። በቤታቸው ከሚሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ለዚህ ፖሊዩሬቴን ይመርጣሉ፤ ሁለት ፈሳሾች ይቀላቀሉና በእንጨቱ ጎን በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ፈስሰው እዚያው ይረጋሉ። ችግሩ ብርዱ ነው። በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲያጥፉት የሚታጠፍ ፕላስቲክ፣ በዚያ አገር ብርድ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። ልጅቱ ቁልቁል እየወረደች ሳለች ክፈፉ ከእግሯ ሥር ቢሰበር መንሸራተቻው አቅጣጫውን ይስታል። ቁልቁለቱ ደግሞ ግራና ቀኙ ጥድ ነው።

እኔን መጠየቋ ያለ ምክንያት አልነበረም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ከተማርኩ በኋላ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት በአንድ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ስቀምም ነው፤ ሶሉም የሚሠራው ከፖሊዩሬቴን ነበር። ይሁን እንጂ ዕውቀቴ በአንድ ወገን ብቻ ያጋደለ ነው። በቆላ መጋዘን የከረመ ሶል እንደ ደረቀ ዳቦ ለምን እንደሚፈረፈር በዝርዝር ማስረዳት እችላለሁ። ሙቀቱን፣ ላቡን፣ እርጥበቱን አውቃቸዋለሁ። ብርድን ግን ያነበብኩት በመጽሐፍ ነው። ከበላያችን ባለው ደጋ፣ ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደራርበን የምንንቀጠቀጥበት ጉም እንኳ ለፖሊዩሬቴን ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በገዛ ዓይኔ ያላየሁትን ነገር ለልጄ መናገር ስላልሆነልኝ፣ ከሳጥኔ አንድ አሮጌ የናሙና ሶል አውጥቼ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጁስ ቤት ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት፣ ሳቂታ ጎረቤቴ፣ ከማቀዝቀዣዋ ፊት ቆማ ሶሉን አገላብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የጫማ ሶል ነው። መሬት ረግጦ አያውቅም። እስከ ነገ በረዶ መሥሪያው ውስጥ ይደርልኝ።»

«ወላሂ፣ ሰው አቮካዶ ያመጣል፣ አንቱ ጫማ ያመጣሉ!» ወደ ደንበኞቿ ዞረች። «ስሙ እንጂ! ነገ ስፕሪስ በጫማ አለ፤ የሚፈልግ ከአሁኑ ይዘዝ!»

«ለእኔ ካልሲውም ይጨመርበት» አለ ከማዕዘኑ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

በማግሥቱ ስመለስ መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሶሌ በቀለጠ በረዶ ውስጥ ከማንጎዎቿ ጋር ሲንሳፈፍ አገኘሁት። ሁለት እጥፍ ሳደርገው ያለ አንዳች ቅሬታ ታጠፈ።

«እንኳን ጫማው እኔም ቀልጫለሁ» አለችኝ፣ በመሸፈኛዋ ጫፍ ግንባሯን እየጠረገች። መብራት ኖሮ ቢሆንም እንኳ የእሷ ማቀዝቀዣ ከልጄ አገር ብርድ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሶሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስለዚህ ለልጄ ያለኝን ከመጽሐፍ ሰጠኋት። ፈሳሾቹን በሚዛን እንጂ በዓይን ግምት እንዳትለካ፣ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ እንዳታፈስስ፣ እርጥበት ያገኘው እንደሆነ አረፋ እንደሚያወጣ ነገርኳት። የፈሳሾቹ ሻጭ ሁለት ዓይነት አቅርቦላት ነበር። የሁለቱን መግለጫ ስታነብልኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ አመለጠኝ። በመጨረሻ፣ እንደ መደምደሚያ አድርጌ፣ «ከሁለቱ በብርድ ጊዜ ጠንካራውን ምረጪ» አልኳት። «እሺ አባዬ» አለች። ቃሉን መዝኜ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት ከገባ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ደወለች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«አለቀ፣ አባዬ! ዛሬ ጠዋት ልጅቱ ከአባቷ ጋር ይዛው ወጣች። ቁርሷን እንኳ በቅጡ አልበላችም። እስቲ ይስሙት፣ ይኸው የተረፈው ቁራጭ፣ እንዴት እንደ ጠነከረ!»

ቁራጩን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታችው። ቃ! አለ። ለዘመናት ሶል ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ደህናው ሲወድቅ ድም ይላል እንጂ ቃ አይልም።

«የትኛውን ነው ያፈሰስሽው?»

«ጠንካራውን ነዋ! ከሁለቱ የጥንካሬ ቁጥሩ የሚበልጠውን። ጠንካራውን ምረጪ አላሉኝም?»

ብዬ ነበር። ስንማር በባዕድ ቋንቋ ጥፍር ለማይጭረው አንድ ቃል፣ መዶሻ ለማይሰብረው ሌላ ቃል ነበረን፤ አንዱን በሌላው ስፍራ የጻፈ ተማሪ ፈተናው ይበላሽበት ነበር። በአማርኛ ግን ድንጋይም ጠንካራ ነው፣ የቆዳ ጠፍርም ጠንካራ ነው። እኔ ጠፍሩን ማለቴ ነበር፤ እሷ ድንጋዩን ሰማች። ከልጄ ጋር ደግሞ በአማርኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ ተነጋግረን አናውቅም።

«ውጪ ያደረ ቁራጭ አለ?» አልኳት።

«በረንዳው ላይ፣ ከእንጨቱ ፍቅፋቂ ጋር። ምነው አባዬ?»

«ሳይሞቅ በመዶሻ ምቺው። ስልኩን አስጠጊልኝ።»

በር ሲከፈት፣ ነፋስ ሲገባ፣ እሷም በብርዱ ስትተነፍስ ሰማሁ። ቀጥሎ መዶሻው አረፈ። ብርጭቆ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

«አባዬ፣ ሁለት ሆነ።»

ባሏ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ስልክ በዚያ ብርድ ኪስ ውስጥ እንዳለ ይጠፋል፣ ለወትሮውም እንደዚያ ነው አለችኝ። «እኔው ልሂድ» ስትል የመኪናዋን ቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

እዚያው ማንጎው ሥር ቀረሁ። ስልኩ በላበው እጄ ውስጥ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ወደ ደሴ የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች አቧራውን እያነሱ ያልፋሉ። ጁስ ቤት ያለችው ጎረቤቴ ዓይኔን ከስልኩ አለመንቀሌን አይታ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«የልጅ ልጄ በረዶ ላይ ናት።»

«በረዶ ላይ? ምን ልትሠራ?»

«ልትጫወት።»

«ያ አላህ፣ ታድላ!» አለች፣ በእጇ ፊቷን እያራገበች።

ልገልጽላት ጀመርኩና ተውኩት። ከየት ይጀመራል? የእንጨቱን፣ የክፈፉን፣ የሁለቱን ፈሳሾች ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ የሚሆነው ሆኖ ያልቃል። ከሸዋ ሮቢት እስከዚያ ቁልቁለት ድረስ የሚደርስ እጅ የለኝም። መደወልም አልቻልኩም፤ እየነዳች ከሆነ ዓይኗን ከመንገዱ አነሣለሁ ብዬ ፈራሁ። ሴትዮዋ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አምጥታልኝ ሄደች። ሳልጠጣው ሞቀ።

ስልኩ ሲጮህ አነሣሁት፤ ከልጄ ንግግር ይልቅ ትንፋሿ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ደርሳባቸዋለች። ልጅቱ ደጋግማ ወጥታ ደጋግማ ወርዳለች፤ አልወደቀችም። ለአንድ ተጨማሪ ጊዜ ልትወጣ ተሰልፋ ሳለች ነው እናቷ ከሰልፉ ያወጣቻት። በግራው መንሸራተቻ ላይ፣ ልክ ተረከዟ በሚያርፍበት ቦታ፣ ክፈፉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ከኋላ ለቅሶ ይሰማል። ስልኩ ከእናቷ እጅ ተነጥቆ ሄደ። የልጅ ልጄ አማርኛ የተሰባበረ ነው፤ አንቱ ማለትንም አታውቅም።

«አያቴ፣ አልወደቅሁም! እኔ ጠንካራ ነኝ! ልሂድ በላት!»

 ጠንካራ አይደለሽም ልላት አልችልም። ነሽ ብላት ደግሞ ትሄዳለች። «እናትሽን ስጪኝ» አልኳት።

ሌላውን፣ ለስለስ ያለውን፣ በአዲስ እንጨት ላይ ሊያፈስሱ ተስማሙ። «ይሄኛውስ ይችላል፣ አባዬ?» አለችኝ ልጄ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ላለ ጥያቄ ያለ ማስረጃ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለእሷም አልሰጠሁም። አላውቅም አልኳት። ቁራጩን በረንዳ ላይ አሳድሪው፣ ጠዋት ምቺው፣ እኔም ልስማው።

ፈሳሹ ረግቶ፣ ቁራጩ ውጪ አድሮ፣ ደወለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። መዶሻው አረፈ። ድም አለ።

«አልተሰበረም!» አለች። ከኋላዋ ልጅቱ ቦት ጫማዋን ለብሳ ወለሉን ስትረግጠው ይሰማኛል። «ደህና ነው አይደል፣ አባዬ? ትሂድ?»

«ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። ድም።

«አሁንስ?»

«ድገሚው።»